ጠባብ ጥያቄ ይዞ ሰው ፍለጋ

(ይህ ጽሑፍ ለወጣቶች በተዘጋጀ የውይይት ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ብዙ የምታስቡት፣ ግን የምታወሩት ሰው ያጣችሁለት ነገር አለ? ምሥጢር ማለቴ አይደለም። የምትወዱት ነገር ማለቴ ነው። አንዱ የድሮ የከተማ ካርታ ይሰበስባል። አንዷ ጠዋት ጠዋት የትኛው ወፍ ቀድሞ እንደሚጮኽ ትመዘግባለች። አንዱ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታ ይገጥማል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ምነው ቁም ነገር ብትይዝ!» ይላል። ጓደኛ ትንሽ ያዳምጥና ወሬ ይቀይራል። አልፈርድበትም። ጉዳዩ የሱ አይደለም።

የኔ ጉዳይ ትክል ድንጋይ ነው። ጢያን የምታውቁ ትኖራላችሁ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በቡታጅራ መንገድ ላይ ናት። በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ዩኔስኮ 36 ሐውልቶች ቆጥሯል፤ 32ቱ የተቀረጸ ምልክት አለባቸው። ሰይፍ አለ። ክብ አለ። ቅርንጫፍ የሚመስል ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ተመራማሪዎች እስካሁን አልተስማሙበትም። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ደግሞ ጌዴኦ አለ። እዚያ ትክል ድንጋዩ በሺዎች ይቆጠራል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በ2021 የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳካሮ ሶዶ የሚባለውን ቦታ ዕድሜ ለክተው ነበር። ድንጋዮቹ ከዚያ በፊት ከሚታሰበው በ1,000 ዓመት ገደማ ቀድመው፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደቆሙ ነው ያገኙት። ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለማን ልንገር? አጠገቤ ያሉት ሰዎች ይወዱኛል፤ ስለ ድንጋይ ግን መስማት አይፈልጉም።

ዛሬ የማወራችሁ እንዲህ ያለውን ሰው የት እንደምናገኘው ነው። ማለትም ባይዘመደንም፣ የአገራችን ልጅ ባይሆንም፣ ያው እኛን እንቅልፍ የሚነሳን ነገር እሱንም የሚነሳውን ሰው። እኔ ያገኘሁት ያልተማከለ በሚባለው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል። ማስቶዶን፣ ፌዲቨርስ፣ ብሉስካይ ሲባል። የምላችሁም አንድ ነገር ነው። እዚያ ሰው የሚገኘው በትልቅ ርዕስ አይደለም። በጠባብ ጥያቄ ነው። ጥያቄያችሁ በጠበበ ቁጥር የሚመጣው ሰው ይቀርባችኋል። ይህ የሆነበት ምክንያት ደግሞ ከአሠራሩ የሚመነጭ ስለሆነ፣ አሠራሩን ትንሽ ላስረዳ።

በለመድናቸው ትልልቅ መድረኮች ላይ የምናየውን የሚመርጠው አልጎሪዝም ነው። አልጎሪዝሙ የሚጠይቀው «ይህን ፖስት ስንት ሰው ይነካካዋል?» ብሎ ነው። ላይክ፣ ኮሜንት፣ ሼር፣ ቆም ብሎ ማየት፣ ይህን ሁሉ ይቆጥራል። ስለ ጢያ ምልክቶች የጻፋችሁት ነገር መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ይታያል። እነዚያ ሰዎች የድንጋይ ሰዎች አይደሉም። ያልፉታል። በቃ፣ እዚያው ሰመጠ። ስድብና ጭቅጭቅ ያለበት ፖስት ግን ሁሉም ስለሚነካካው ይንሳፈፋል። የኛ ሰው ኦንላይን ሲገናኝ ቶሎ የሚጣላው በጠባዩ ብቻ አይመስለኝም። የሚጣሉት ሰዎች ተፈልገው ነው ፊት ለፊት የሚቀመጡት።

ማስቶዶን ላይ ይህ መራጭ የለም። ገጻችሁ ላይ የሚመጣው እናንተ የምትከተሏቸው ሰዎች የጻፉት ነው፤ በሰዓቱ ቅደም ተከተል። ማስታወቂያም የለም። ሰውዬው ሁለት ተከታይ ይኑረው ሁለት መቶ ሺህ፣ ጽሑፉ ለተከታዮቹ እኩል ይደርሳል። ስለዚህ ጠባብ ነገር መጻፍ አያስቀጣም። ዋጋውን ግን ልንገራችሁ። ማንም ሰው አምጥቶ አይሰጣችሁም። አካውንት ከፍታችሁ ብትቀመጡ ገጹ ባዶ ነው። ብዙ ሰው «ሰው የለበትም» ብሎ በሳምንቱ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው አለበት። ሰው ፈልጎ የሚያመጣላችሁ ማሽን ነው የሌለው።

«ያልተማከለ» የሚለውስ? ስልካችሁን አስቡ። አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም አለው፣ ሌላው የሳፋሪኮም። ድርጅቶቹ ይለያያሉ፤ ይደዋወላሉ ግን። አሁን የምናውቃቸው ማኅበራዊ ሚዲያዎች እንዲህ አይደሉም። ቲክቶክ ላይ ሆናችሁ ፌስቡክ ላይ ያለውን ሰው መከተል አትችሉም። ማስቶዶን ላይ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች፣ ማለትም አካውንታችንና ጽሑፋችን የሚቀመጡባቸው ኮምፒውተሮች፣ አሉ። እያንዳንዱን የሚያስተዳድረው ሌላ ሰው፣ ሌላ ቡድን ወይም ሌላ ተቋም ነው። አንዱ ሰርቨር ላይ ያለው ሌላው ላይ ያለውን ይከተላል፣ ይመልስለታል፣ ያጋራለታል። ይህን የሚያስችለው አክቲቪቲፐብ የሚባል የጋራ ደንብ ነው። ማስቶዶን ብቻም አይደለም። ለፎቶ ፒክስልፌድ አለ፤ ለቪዲዮ ፒርቲዩብ፤ ለመጽሐፍ አንባቢዎች ቡክዋይርም። ሁሉም ያንኑ ደንብ ይናገራሉ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው ፌዲቨርስ የሚባለው።

ታሪኩን በአጭሩ። ኢቫን ፕሮድሮሙ የተባለ ሰው በ2008 አይደንቲካ የሚባል መድረክ ከካናዳ ጀመረ። በ2010 አራት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲያስፖራ የሚባል ያልተማከለ መድረክ እንሠራለን ብለው ከሕዝብ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ አሰባሰቡ። በ2016 ዩጀን ሮችኮ የተባለ ጀርመን የሚኖር ወጣት ማስቶዶንን ለቀቀ። አክቲቪቲፐብ ደግሞ በጥር 2018 የድረ ገጽን ደረጃዎች በሚያወጣው ደብሊውስሪሲ ጸደቀ። ከዚያ ጥቅምት 2022 መጣ። ትዊተር በ44 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ሰዎችም በገፍ ወደ ማስቶዶን ፈለሱ። በዚያ ዓመት መጨረሻ በወር ውስጥ የሚጠቀሙት ወደ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ደርሰው ነበር። ኋላ ከ1 ሚሊዮን በታች ወረደ። ይህን ቁጥር አይተው «ከሽፏል» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ለድርጅት ባለቤት ቁጥሩ ትልቅ ጉዳይ ነው። ስለ ትክል ድንጋይ የሚያወራ ሃምሳ ሰው ለሚፈልግ ሰው ግን ይበቃል፤ ይተርፋልም።

አሁን ወደ ደስ የሚለኝ ክፍል ልምጣ። ሰርቨሮቹ ራሳቸው በፍላጎት ዙሪያ የተሰባሰቡ ናቸው። ማትስቶዶን የሒሳብ ሰዎች ሰርቨር ነው፤ በ2017 ተጀመረ። የሒሳብ ቀመር ስትጽፉ እንደ መጽሐፍ አስተካክሎ ያሳያል፤ ለሰዎቹ ሲባል ሶፍትዌሩ ተነካክቶ። በ2006 ፊልድስ ሜዳልያ የሚባለውን ታላቅ የሒሳብ ሽልማት የተሸለመው ቴሬንስ ታኦ እዚያ ይጽፋል። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከጅማ ተነስቶ እሱን ይከተላል፤ ከሥሩ ጥያቄ ይጽፋል። ለአርኪዮሎጂ ሰዎች አርኪዮ ሶሻል አለ። ለነጻ ሶፍትዌር ወዳጆች ፎስቶዶን አለ። ኡሊፖ ሶሻል የሚባልም አለ። እዚያ «ኢ» (e) የምትባለው የላቲን ፊደል ክልክል ናት። ያቺን ፊደል ሳትጠቀሙ እንግሊዝኛ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ሞክሩት። ሰዎቹ ግን እየተጨነቁ፣ እየተሳሳቁ ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ነገር ለማትረፍ በቆመ ድርጅት ውስጥ ቦታ አያገኝም።

ሁለተኛው መሰባሰቢያ ሃሽታግ ነው። በየሳምንቱ ቀን ቀጥረው የሚገናኙ ሃሽታጎች አሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ የወፍራም ግንድ ቀን ነው፤ ሰው ያየውን ትልቅ ዛፍ ያወጣል። ዓርብ ጀርመኖች መስኮት ብቻ ያሳያሉ፣ ፌንስተር ፍራይታግ ብለው። የኔ ቀን እሑድ ነው። ስታንዲንግ ስቶን ሰንደይ ይባላል። በየእሑዱ የቆሙ ድንጋዮችን ፎቶ የሚለጥፉ ሰዎች አሉ። ከስኮትላንድ ካላኒሽ፣ ከእንግሊዝ ኤቭበሪ፣ ከፈረንሳይ ካርናክ። ካርናክ ላይ ከ3,000 የሚበልጥ ድንጋይ በሰልፍ ቆሟል። ልማዱ ትዊተር ላይ የነበረ ነው፤ ሰዎቹ ሲፈልሱ ይዘውት መጡ።

አንድ እሑድ የጢያን ፎቶ ለጠፍኩ። «ይህ ከኢትዮጵያ ነው፤ ሰይፎቹን ተመልከቱ» አልኩ። ያን ያህል ብቻ። ከብሪታኒያ አንድ ጡረታ የወጣ ሰው መለሰልኝ። አድናቆት አልነበረም የጻፈው። ጥያቄ ነበር። «ሰይፎቹ ጫፋቸው ወደ የት ነው የሚያመለክተው? ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ናቸው?» አለኝ። ደነገጥኩ። ጢያ ስንት ጊዜ ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ ይህን ግን ልብ ብዬ አላየሁም። አስጎብኚዎች የሰይፉ ቁጥር የሟቹን ጀግንነት ያሳያል ይላሉ። ከሥራቸው መቃብር እንዳለ በቁፋሮ ተረጋግጧል። እኔ እዚያ ላይ ቆሜ ነበር። የቆየ ፎቶዬን ሁሉ አውጥቼ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። እያየሁ ጻፍኩለት። አንዲት ብሪታኒ ከሚባለው የፈረንሳይ ክፍል የሆነች ልጅ ገባችበት። እሷ ደግሞ ሮዤ ዡሶም የሚባለውን ፈረንሳዊ የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ነገረችን። ሰውዬው የምዕራብ ፈረንሳይን ጥንታዊ ድንጋዮች ያጠና ነው፤ ያው ሰው ጢያንና የጌዴኦውን ቱቶ ፈላን አጥንቶ ጽፏል። የሷ አገር ድንጋይና የኔ አገር ድንጋይ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተገናኝተው ኖሯል። እኔ ስሙን አላውቅም ነበር።

ይህን ያወራሁት ፈረንጅ አደነቀልኝ ለማለት አይደለም። አድናቆት ሌላ ቦታም ይገኛል። የጉዳይ ጓደኛ የሚያደርገው ነገር ጥያቄ ማምጣት ነው። «ዋው!» አይልም። «እስቲ ከጀርባው አሳየኝ» ይላል። በዚያ ምክንያት ለሚቀጥለው ጉዞዬ ሌላ ዓይን ይዤ ሄድኩ። የድንጋዩን ጀርባ ፎቶ አነሳሁ። ብርሃኑ በጎን ሲመጣ ቅርጹ ጎልቶ እንደሚታይ የነገሩኝም እነሱ ናቸው። ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማታ አካባቢ ሂድ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የማይታይ ምልክት፣ ወደ ማታ ጥላ ሲጥል ይወጣል።

ሌላም ያስተማሩኝ ነገር አለ። ማስቶዶን ላይ ፎቶ ስትለጥፉ መግለጫ የመጻፍ ልማድ አለ። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስልካቸው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። መግለጫ የሌለውን ፎቶ አላጋራም የሚሉ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ሥራ መጨመር መሰለኝ። ከዚያ ስጽፈው ሌላ ነገር ሆነ። «ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ግራጫ ድንጋይ፤ በላዩ ላይ ሰይፎች ተቀርጸዋል፤ ከሥር ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቅርንጫፍ መሰል ምልክቶች አሉ።» ይህን ለመጻፍ ድንጋዩን በደንብ ማየት አለባችሁ። አንድ ዓይነ ስውር ወዳጅ አለኝ አሁን። ፎቶዬን የሚያውቀው በጻፍኩት ቃል ብቻ ነው። አንዳንዴ «የቀኝ ጠርዙን አልነገርከኝም» ብሎ ይጽፍልኛል። ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ያስተማረኝ እሱ ነው።

እሺ፣ እንዴት ይጀመራል? መጀመሪያ ሰርቨር ምረጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አንድ ሰርቨር መላውን ፌዲቨርስ አያይም። የሚያየው እዚያ ያሉ አባላት የሚከተሏቸውን ሰዎች ጽሑፍና በነሱ በኩል የተጋራውን ነው። ስለዚህ ትንሽ ሰርቨር ላይ ሆናችሁ ሃሽታግ ብትፈልጉ ጥቂት ብቻ ይመጣል። ሰው ጠፍቶ አይደለም። የሰርቨራችሁ አባላት ስለዚያ ጉዳይ የሚጽፉ ሰዎችን ስለማይከተሉ ነው። መፍትሔው የናንተ ዓይነት ሰዎች የተሰበሰቡበት ሰርቨር መምረጥ ነው። እነሱ አስቀድመው ስለተከተሉላችሁ እናንተም ታዩታላችሁ። ካልሆነ መካከለኛ የሚባል አጠቃላይ ሰርቨር ይሻላል።

ከዚያ ራሳችሁን አስተዋውቁ። «ኢንትሮዳክሽን» የሚል ሃሽታግ አለ፤ አዲስ ሰው የሚጽፍበት ነው። እዚያ ላይ «ታሪክ፣ ሙዚቃና ቴክኖሎጂ እወዳለሁ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ማንም አይመጣም። ሁሉም ሰው ታሪክ፣ ሙዚቃና ቴክኖሎጂ ይወዳል። «በብራና መጻሕፍት ዳርቻ ላይ የተጻፉ የመሬት ሽያጭ ማስታወሻዎችን አነባለሁ» በሉ። «የመሰንቆ ቆዳ የትኛው ሲሆን ድምፁ እንደሚያምር እያጠናሁ ነው» በሉ። «አዲስ አበባ ውስጥ የቀሩትን የአርመን አናጢዎች በረንዳዎች ፎቶ አነሳለሁ» በሉ። ሦስት ሰው ይመጣል። ግን ያ ሦስት ሰው ለዓመታት አብሯችሁ ይቆያል።

ሃሽታግ መጻፍን አትርሱ። ማስቶዶን ላይ ለብዙ ጊዜ ጽሑፍ ውስጥ ያለን ቃል መፈለግ አይቻልም ነበር፤ ሆን ተብሎ። ሰዎችን እያደኑ የሚያስቸግሩትን ለመከላከል ነው። በ2023 ፍለጋ ተጨመረ፤ ያም ጸሐፊው «ልገኝ» ብሎ ከፈቀደ ብቻ። ስለዚህ ያልፈቀደ፣ ሃሽታግም ያላደረገ ሰው አይገኝም። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሰውን ብቻ ሳይሆን ሃሽታግንም መከተል ይቻላል። እኔ ከሰው ይልቅ ሃሽታግ በመከተል ጀምሩ እላለሁ።

ከዚያ መልሱ። መጀመሪያ ከመለጠፋችሁ በፊት የሌሎችን እያነበባችሁ ጥያቄ ጠይቁ። ጥሩ ጥያቄ የጠየቀ ሰው አይረሳም።

አማርኛ ላይ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እዚያ ገና ጥቂት ነው። የኛ ሰው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ፌስቡክ ላይ ነው፣ ቲክቶክ ላይ ነው። አልወቅስም፤ ቤተሰቡ ያለው እዚያ ነው። ግን በግዕዝ ፊደል ሃሽታግ ይሠራል። ችግሩ ሌላ ነው። እኔ «ሐውልት» ብዬ ሃሽታግ ባደርግ፣ ሌላው «ሀውልት»፣ ሌላው «ሃውልት» ቢል፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንገናኝም። «ትክል ድንጋይ» የሚለውን አንዱ ገጥሞ ቢጽፈው፣ ሌላው በሰረዝ ቢለየው ያው ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ጉዳይ የምትጽፉ ሰዎች አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ ከታች የምትሰመረዋን ሰረዝ በሁለቱ ቃላት መካከል እመርጣለሁ፤ የስልክ አንባቢ ድምፅ ቃላቱን ለይቶ እንዲያነብ ይረዳል። እስክንስማማ ድረስ ሁለት ሦስቱንም አጻጻፍ ከፖስቱ ሥር ደርድሩ። አያስጠላም።

የኛ ሰው በዓለም ዙሪያ መበተኑ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። አየርላንድ ያለ ልጅ ኒውግሬንጅ የሚባለው ጥንታዊ የድንጋይ መቃብር አጠገቡ ነው። እስራኤል ያለችው ጎላን ላይ ሩጅም ኤል ሂሪ የሚባለውን ትልቅ የድንጋይ ክብ ማየት ትችላለች። ሳዑዲ ያለው አልዑላ አካባቢ በሺዎች ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ ቅጥሮች እንዳሉ ይሰማ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። «ከየት ነህ?» ከሚለው ይጀመርና እዚያው ያልቃል። ስለ ድንጋይ ቢገናኙስ? አይቼዋለሁ። ሌላ ቦታ ቢገናኙ የሚበሻሸቁ ሁለት ሰዎች የጌዴኦን ድንጋይ ማን እንዳቆመው ሲከራከሩ አመሹ። ክርክሩ የጦፈ ነበር። ግን አንዱ ለሌላው ጥናት እየላከለት ነበር።

ስለ ብሉስካይ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። በ2019 ትዊተር ውስጥ የተጸነሰ ሐሳብ ነው፤ በየካቲት 2024 ለሁሉም ክፍት ሆነ። ጥሩ ነገር አለው። ማንም ሰው የራሱን አልጎሪዝም ሠርቶ ለሌላው መስጠት ይችላል፤ ለምሳሌ የወፍ ፎቶ ብቻ የሚያመጣ። «ስታርተር ፓክ» የሚባል የሰዎች ዝርዝርም አለ፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ትከተላላችሁ። ለጀማሪ ከማስቶዶን ይቀላል። ነገር ግን አብዛኛው ተጠቃሚ ያለው በአንድ ድርጅት ሰርቨር ላይ ነው። ስለዚህ ያልተማከለ የሚለውን ስም ለመስጠት እኔ ገና እጠብቃለሁ።

ችግሩንም ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ እበድላችኋለሁ። በ2022 ወደ ማስቶዶን የመጡ ብዙ ጥቁር ሰዎች ዘረኝነት ገጥሟቸዋል። ስለ ዘረኝነት ሲጽፉ ደግሞ «ማስጠንቀቂያ ከላይ አድርጉበት፣ ሰው ይረብሻል» ተብለዋል። ብዙዎቹ ትተው ወጡ። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ አሁንም አልተፈታም። ሰርቨር ስትመርጡ ደንቡን አንብቡ። አስተዳዳሪዎቹ ስድብን እንዴት እንደሚይዙ ጠይቁ። ሰርቨር ሌላ ሰርቨርን መዝጋት ይችላል። በ2019 ጋብ የተባለው በጥላቻ ንግግር የሚታወቅ መድረክ የማስቶዶንን ሶፍትዌር ወስዶ ሲመጣ፣ በርካታ ሰርቨሮች በየራሳቸው ዘጉበት። አንድ የበላይ አላዘዛቸውም። ያ ኃይል የሚሠራው ግን አስተዳዳሪው ንቁ ከሆነ ብቻ ነው።

ያልተማከለ ማለት ደግሞ የማይዘጋ ማለት አይደለም። በ2023 መጀመሪያ አገራችን ውስጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ታግደው ነበር። እንዲህ ያለ እገዳ ሲመጣ አንዱን መድረክ ብቻ ይዘን መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አየን። በሺዎች የተበተኑ ሰርቨሮችን አንድ በአንድ ማገድ ይከብዳል። ኢንተርኔቱ ጨርሶ ከተቋረጠ ግን ማስቶዶንም ሌላውም እኩል ነው። በዚህ ላይ ማንም የተጋነነ ተስፋ አይስጣችሁ።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቆምኩና ጥያቄ ተጀመረ። ሁለቱን ብቻ ላስፍር።

አንድ ወጣት «ማነው የሚከፍለው?» አለ። አብዛኛው ሰርቨር የሚኖረው በአባላቱ መዋጮ ነው። አስተዳዳሪዎቹ ብዙ ጊዜ ያለ ደሞዝ፣ ከሥራ መልስ የሚሠሩ ናቸው። ይደክማሉ። ስለዚህ አቅም ያለው ትንሽም ቢሆን ይክፈል። አቅም የሌለው ደግሞ የአስተዳዳሪውን ሥራ አያብዛ፤ ስድብ ሲያይ ሪፖርት ያድርግ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ይቀበል።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ የጠየቀችው ግን ዋናውን ነበር። «ሰርቨሩ ቢዘጋ ያገኘኋቸውን ሰዎች አጣቸዋለሁ?» አለች። ሊሆን ይችላል፣ አልኳት። ማስቶዶን ቴክኖሎጂ የሚባል የታወቀ ሰርቨር በ2022 መጨረሻ ተዘግቷል። አስተዳዳሪው አስቀድሞ ስላሳወቀ አባላቱ ጊዜ አገኙ። አካውንት ወደ ሌላ ሰርቨር ስታዛውሪ ተከታዮችሽ አብረውሽ ይመጣሉ። የጻፍሻቸው ነገሮች ግን አይመጡም፤ እዚያው ይቀራሉ። ተከታዮችን ማዛወር የሚቻለውም አሮጌው ሰርቨር ገና እየሠራ ሳለ ነው። የምትከተያቸውን ሰዎች ዝርዝር ከሴቲንግ ውስጥ እንደ ፋይል ማውረድ ይቻላል፤ አዲሱ ቦታ ላይ መልሰሽ ትጭኚዋለሽ። እኔ በየወሩ መጀመሪያ አወርደዋለሁ፤ ከፎቶዎቼና ከመግለጫዎቼ ጋር ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አንቺም አካውንት በከፈትሽበት ሳምንት ጀምሪው፣ ዝርዝሩ ሦስት ሰው ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ አልኳት።